የአስታማሚ እንቅልፍ በእንክብካቤ ዕቅድ ውስጥ

በጤናና በማኅበራዊ ሳይንስ የትምህርት ክፍሎች ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ያነበበ ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንድ የሚደጋገም ምክረ ሐሳብ ያገኛል፤ ተንከባካቢዎች ለራሳቸው ጤና ትኩረት እንዲሰጡ ግንዛቤ ሊፈጠር ይገባል የሚል። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ማንም አይቃወመውም፤ ችግሩም ምናልባት እዚያው ላይ ነው። ማንንም የማያስገድድ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ኃላፊነቱንም መልሶ በደከመው ሰው ትከሻ ላይ የሚጥል ምክር ስለሆነ በቀላሉ ይጻፋል፤ በቀላሉም ይረሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት፣ በቤት ውስጥ እንክብካቤ የታማሚውም ሆነ የአስታማሚዋ ራስን የመንከባከብ አቅም የግንዛቤ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሰዓት ጉዳይ ነው የሚል ነው። የአስታማሚዋ ዕረፍት በታማሚው የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ እንደ መድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ተለይቶ እስካልተጻፈ ድረስ፣ ለእርሷ የምንለግሳት ምክር እርሷንም አያሳርፍም፤ ታማሚውንም አይጠቅምም።

«አስታማሚ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙት መጠይቆቻችን «ተንከባካቢ» ይላሉ። በሆስፒታል ደጅም ሆነ በሰፈር ግን ሰው የሚጠይቀው «ማን ያስታምመዋል?» ብሎ ነው። ታማሚና አስታማሚ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ቋንቋው ሁለቱን ሰዎች በአንድ ሕመም ዙሪያ ያስቀምጣቸዋል። ጥናቶቻችን በአንጻሩ ይለያዩአቸዋል፤ የታማሚው የኑሮ ጥራት በአንድ ጽሑፍ፣ የተንከባካቢው ጫና በሌላ ጽሑፍ ይለካል። አስታማሚዋ እያልሁ በሴት ጾታ የምጽፈውም ሥራው በአብዛኛው የተጫነው በሴቶች ላይ በመሆኑ ነው።

እነዚህ አስታማሚዎች አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ትልቁን ሸክም የሚሸከሙት ቤተሰቦች ናቸው፤ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራት። ለቤት ሥራ ተቀጥራ ሳለ የቤቱ አዛውንት በወደቁ ማግሥት ሳትጠየቅ አስታማሚ የሆነች ሠራተኛም አለች። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደግሞ በቤት ለቤት የነርስ አገልግሎት ድርጅቶች የተቀጠሩ ባለሙያዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና በ2009 ወደ ከተሞች የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በዋናነት የተቀረጸው በሽታን ለመከላከልና ጤናን ለማጎልበት እንጂ የአልጋ ቁራኛን ለማገላበጥ አይደለም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት በጎ ፈቃደኞችና አንዳንድ እድሮች ጭምር በየቤቱ የወደቁትን ያስታምሙ ነበር። መድኃኒቱ ብዙዎችን ከአልጋ ሲያነሣ ያ ልምድ እንደ ጊዜያዊ የመከራ ዘመን ሥራ ተቆጥሮ ቀረ። ዛሬ አልጋ ላይ የሚያውለው ስትሮክ፣ ካንሰር፣ የስኳር ሕመም መዘዝና የእርጅና መርሳት ሆኗል፤ እነዚህ ደግሞ በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚቆጠር ማስታመም ይጠይቃሉ።

የሰዓቱን ነገር በአንድ ተራ መመሪያ እንመልከተው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ታማሚ ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤተሰቡ ከሚነገረው አንዱ «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት» የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዳሌ፣ በጅራት አጥንትና በተረከዝ ላይ የሚያርፈው ክብደት የደም ዝውውሩን ይገታል፣ ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ ይሞታል፣ የአልጋ ቁስል ይፈጠራል። መመሪያው በቀን 12 ጊዜ ማገላበጥ ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ታማሚውን አገላብጣ የተኛች አስታማሚ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሦስት ጊዜ መነሣት አለባት፤ በ6፣ በ8 እና በ10 ሰዓት። ማገላበጡ፣ አንሶላ ማስተካከሉና የረጠበ ልብስ መቀየሩ 15 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ እንኳ ሳይቋረጥ የምትተኛው ረጅሙ እንቅልፍ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ያውም ጎኗ ከፍራሽ እንደነካ እንቅልፍ ከወሰዳት። መመሪያውን የሰጣት ባለሙያ በዚያው ንግግር «አንቺም ዕረፍት አድርጊ» ብሏት ይሆናል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንዲት ሌሊት አብረው ሊፈጸሙ እንደማይችሉ ያሰላ ሰው ግን የለም።

ይህ ስሌት ተስፋ የሚያስቆርጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ የተደረገ አንድ የንጽጽር ጥናት ታትሞ ነበር። ለአልጋ ቁስል የመጋለጥ ዕድላቸው መካከለኛና ከፍተኛ የሆኑ አረጋውያን ጥግግቱ ከፍ ያለ የፎም ፍራሽ ላይ ተኝተው በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ እንዲገላበጡ በዕጣ ተመደቡ፤ በሦስቱ ቡድኖች መካከል በቁስል መጠን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ የተደረገው በሠለጠኑ ሠራተኞች፣ ቆዳው በየጊዜው እየታየና በተወሰነ የፍራሽ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ቆዳውን የሚያይ ባለሙያ ሳይኖር፣ በተጎደጎደ ስፖንጅ ወይም በጥጥ ፍራሽ ላይ «አራት ሰዓት ይበቃል» ብሎ መምከር አደገኛ ይሆናል። የሚያስተምረን ግን ከፍ ያለ ቁም ነገር አለ። ፍራሹ የታማሚው ዕቃ ብቻ አይደለም። ትክክለኛው ፍራሽና በጊዜው የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ተሟልተው ክፍተቱ ወደ አራት ሰዓት ከፍ ማለት ቢችል፣ አስታማሚዋ በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ትነሣለች። በዚህ ዓይን ሲታይ የፍራሽ ግዢ የአእምሮ ጤና ጣልቃ ገብነት ነው፤ እኔ እንደማምነው ደግሞ ከግማሽ ቀን የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ይበልጣል።

አሁን ወደ ታማሚው እንመለስ፤ ራስን መንከባከብ ስንል ቀድሞ የሚመጣው የእርሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን መንከባከብን ሲተረጉም ግለሰቦች፣ ቤተሰቦችና ማኅበረሰቦች በጤና ባለሙያ ድጋፍም ሆነ ያለ ድጋፉ ጤናን የመጠበቅና ሕመምን የመቋቋም ችሎታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በነርሲንግ ትምህርት የምናውቀው የዶሮቲያ ኦረም ንድፈ ሐሳብም ነርሷ የምትገባው ሰውዬው ለራሱ ማድረግ ባቃተው ልክ ብቻ እንደሆነ ያስተምራል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን በደቂቃ የሚከፈል ነው። ቀኝ እጃቸው በስትሮክ የደከመ አባት የሸሚዛቸውን ቁልፎች ራሳቸው ልቆልፍ ካሉ ሩብ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ልጃቸው ብትቆልፍላቸው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ምሳ አልተሠራም፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይጠበቃል፣ ልብስ ተዘፍዝፏል። ስለዚህ ትቆልፍላቸዋለች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያች እጅ የነበራትን ጥቂት ችሎታ ታጣለች፤ በመዝገቡ ላይም «ሙሉ በሙሉ ጥገኛ» ተብሎ ይጻፋል። አባትየው ጥገኛ የሆኑት ከሕመማቸው ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ልጃቸው ያልነበራት ሩብ ሰዓትም ድርሻ አለው። ለታማሚው ራስን የመንከባከብ ትምህርት እየሰጡ ለአስታማሚዋ ጊዜ አለመስጠት በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መንጠቅ ነው።

ከሰዓት እጥረት ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ ይሉኝታ። ለሁለተኛ ዲግሪ ከመመዝገቤ በፊት ቤት ለቤት እየዞርሁ በነርስነት ስሠራ፣ ከአልጋ ለመውረድ ሁለት ሰው ደጋፊ የሚያስፈልጋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ውኃ ስናቀርብላቸው «አልጠማኝም፣ ልጄ» ይላሉ። ምራታቸው የምግብ ፍላጎታቸው የጠፋ መስሏት ትጨነቅ ነበር። ሽንታቸው ግን ጠቁሮ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ስናይ ነገሩ ሌላ መሆኑ ገባን። «እማማ፣ ውኃው ለምን ተጠላ?» ብዬ ብቻቸውን ስጠይቃቸው፣ በጠጡ ቁጥር መነሣት ስለሚያስፈልግ ምራታቸውን ላለማስቸገር መሆኑን ነገሩኝ። የተደረገው መፍትሔ ረቂቅ አልነበረም። ጎረቤት የምትመጣባቸው ሁለት ሰዓቶች ተመረጡ፣ መጸዳጃው በእነዚያ ሰዓቶች ሳይጠየቅ እንዲሆን ተደረገ፣ ለቀረው ጊዜ በአልጋ ላይ የሚያገለግል መጸዳጃ ተገዛ። ልመና ሲቀር ብርጭቆው ባዶ ሆኖ መገኘት ጀመረ። ትንሽ ውኃ መጠጣት በአረጋዊ ሰው ላይ የሚያመጣውን የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና መቃዠት ለዚህ መጽሔት አንባቢ መዘርዘር አያሻኝም።

በጽሑፎቻችን ያላገኘሁት የዚሁ ነገር ሁለተኛ ገጽ ነው። ወደ ሰው ቤት የምትሄደው ነርስም ውኃ አትጠጣም። ቤቱ የእርሷ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት ልጠቀም ማለት ያሳፍራል፤ በአንዳንድ ግቢ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ቁልፉም የሚጠየቅ ነው። ምሳዋን የምትበላበት ቦታ የላትም፤ ብሉ ስትባል እምቢ ማለት ያስቀይማል፣ እሺ ማለት ደግሞ ባለሙያነቷን የሚቀንስባት ይመስላታል። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ከባድ ታማሚ ሲነሣ «ነይ ያዥልኝ» የምትላት ባልደረባ ነበረቻት፤ እዚህ ወገቧ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ አልጋ ላይ አንዷ ወንበር ላይ ሆነው፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ላለመቸጋገር ተጠምተው ይውላሉ። የታማሚና የሠራተኛ ደህንነት አንድ ጉዳይ ነው የምለው በዘይቤ አይደለም።

በቤተሰብ አስታማሚዎች ዘንድ ይሉኝታ ሌላ መልክ አለው። «ደከመኝ» ማለት «ሰለቸኝ» ተብሎ እንዳይተረጎም ትፈራለች። እናትን አስታሞ መመረቅ በኅብረተሰባችን ትልቅ ክብር ነው፤ ምርቃቱም ለሰሚው ሰው እውነተኛ ኃይል ይሰጣል፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን የተመረቀች ሴት የወገብ ዲስክም ይንሸራተታል። ጠያቂውም ቢሆን ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሲመጣ የታማሚውን ልብ ያሞቃል፤ ለአስታማሚዋ ግን ቡና ማፍላት፣ ቤት ማስተካከልና የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው መተረክ ይጨምርባታል። (ይህን ታሪክ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትተርክ የሚቆጥር ተመራማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።) «እኔ እስከ አሥር ሰዓት ከእርሳቸው ጋር እቀመጣለሁ፤ አንቺ ተኚ» የሚል ጠያቂ የልማዳችንን መንፈስ አያፈርስም፤ እንዲያውም የበለጠ ይፈጽመዋል። እድር በቀብር ማግሥት ለቀስተኛን በተራ የሚያስተናግድበት ሥርዓት አለው፤ ያው የተራ አወጣጥ ከሞት በፊት ላሉት ወራት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የሕጉ ሁኔታ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ሠራተኛው በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለው። ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ያደርጋል፤ የሥራ ሁኔታውንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ይተዋል። ስለዚህ በድርጅት ተቀጥራ ወደ ቤቱ የምትመጣው ባለሙያ የሥራ ሰዓት ገደብ አላት፤ በዚያው ቤት እያደረች ያንኑ ታማሚ የምታገላብጠው የቤት ሠራተኛ ግን በአዋጁ ፊት የለችም። ለእርሷ የቀረላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እርሱም አሠሪው አብራው የምትኖር ሠራተኛን ጤና ለመጠበቅ በመኖሪያ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ጊዜ ረገድ ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል እንጂ ሰዓት አይቆጥርም።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በአረጋውያን ቤት ለቤት ተንከባካቢነት በሚሠሩባት በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ሕጉ ለቤት ሠራተኞች ሲዘረጋ አረጋውያንንና ሕሙማንን በጓዳኝነት የሚረዱ ሠራተኞች ተለይተው ቀርተው ነበር። በ2013 የወጣው ደንብ አብዛኞቹን የዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተጠቃሚ ያደረገው ከ2015 ጀምሮ ነው። ጀርመን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረችው የእንክብካቤ መድን፣ የቤተሰብ አስታማሚ ስታርፍ ወይም ስትታመም ለተወሰኑ ሳምንታት ተተኪ ሰው የሚቀጠርበትን ወጪ ይሸፍናል፤ ለአስታማሚዋም የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። ያንን ሥርዓት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም። ከእርሱ የምወስደው የአስታማሚዋ ዕረፍት የሚገለጽበትን አኃድ ነው፤ በቀናትና በተተኪ ሰው ስም እንጂ በምክር አይገለጽም።

ምርምራችንም ይህን አኃድ ቢይዝ ምኞቴ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የዛሪት የተንከባካቢ ጫና መጠይቅ 22 ጥያቄዎች አሉት፤ ስሜትን በሚገባ ይለካል። አስታማሚዋ ለራሷ የምታውለው ጊዜ እንደሌላት የሚሰማት መሆኑንም ይጠይቃል። ስንት ሰዓት እንደተኛች ግን አይጠይቅም። ውጤቱ «መካከለኛ ጫና» ሲሆን አጥኚው ከዕድሜ፣ ከትምህርት ደረጃና ከገቢ ጋር ያዛምደዋል። እነዚህ ነርሷ በማግሥቱ ልትቀይራቸው የማትችላቸው ነገሮች ናቸው፤ የሌሊት መነሣትና የተተኪ ሰው መኖር አለመኖር ግን ሊቀየሩ ይችላሉ። ትርጓሜዎቻችንም ክፍተት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የሥራ ዝለትን ከሥራ ዓለም ጋር ብቻ የተያያዘ ክስተት አድርጎ ወስኖታል። ምደባው የራሱ ምክንያት አለው፤ ሆኖም ደመወዝ የማይከፈላት ምራት ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ትወድቃለች፤ የቤት ሠራተኛዋ ከአዋጁ ውጭ እንደወደቀችው ሁሉ።

ማስታመም ፍቅር ነው፣ ፍቅርን በሰዓት መለካት ያረክሰዋል የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ከልቤም አከብረዋለሁ። ነገር ግን አስታማሚዋ ሰዓቷን የማትቆጥረው ስለምትወድ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊቆጥርላት የሚገባው በዚያው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ሆስፒታሎቻችን አልጋ እያጠራቸው ለአስታማሚ የሚተርፍ በጀት ከየት ይመጣል? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የምለው በቤት ውስጥ በተፈጠረ የአልጋ ቁስል ምክንያት ተመልሶ የሚተኛ ታማሚ ያንኑ አልጋ እንደሚይዝ ነው፤ ይህን ወጪ ከፍራሽና ከተተኪ ሰው ወጪ ጋር አነጻጽሮ የሚያሰላ የጤና ኢኮኖሚክስ ተማሪ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ቢገኝ ክርክሩ በግምት መሆኑ ይቀራል።

እስከዚያው ድረስ በጀት የማይጠይቅ አንድ ጅምር አለ። ታማሚ ወደ ቤት ሲላክ በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ቀጥሎ፣ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፤ አስታማሚዋ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ትተኛለች? በዚያን ጊዜ ታማሚውን ማን ይጠብቃል? ሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፍ ስም ከጠፋ፣ ፊርማው ከመቀመጡ በፊት የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይጠራ።